ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለመመረቅ የተቃረበች አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ በንጹሕ ኃይል ዘርፍ መሪ ለመሆን ቀጥሎ ምን ልማር?» ስትል ጠየቀችኝ። በእጇ የልዩ ልዩ አጫጭር ሥልጠናዎችን ማስታወቂያ ይዛለች፤ ሁሉም ስለ አመራር፣ ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚያወሱ ናቸው። እኔም፣ «እናትሽ እንጀራ የሚጋግሩት በምንድን ነው?» አልኳት። እንደ ቀልድ ቆጥራው ፈገግ አለች። ቀልድ ግን አልነበረም።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ እንጀራ ሲበስል ከሊጡ ውስጥ 100 ግራም ያህል ውሃ ተን ሆኖ ይወጣል ብለን እንነሣ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውሃ የሚፈላባት በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ውሃውን ወደ ተን ለመለወጥ የሚጠየቀው ሙቀት ግን በዚህ ሰበብ አይቀንስም። ለእነዚያ 100 ግራም ብቻ 230 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ሊጥ ለማሞቅ የሚወስደው ሲታከልበት አንድ እንጀራ ወደ 340 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ሠላሳ እንጀራ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ያነሰ። ነገር ግን 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ ቆጣሪው ከ5 በላይ ያነባል። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኃይል ምጣዱን ራሱንና የማዕድ ቤቱን አየር ሲያሞቅ ይቀራል ማለት ነው። በሦስት ጉልቻ የሚነድ እንጨት ደግሞ ከዚህ እጅግ የባሰ ነው፤ አብዛኛው ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም የሚደርስበት ስሌት ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አንድ መንደር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚሸከም ትራንስፎርመር አለው እንበል። ለበዓል ዋዜማ ስልሳ ቤቶች ምጣዳቸውን በአንድ ሰዓት ቢሰኩ ጭነቱ 210 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ አምፖሉና ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። የቮልቴጁ መጠን ይወርዳል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፤ እናቶችም ወደ ማገዶው ይመለሳሉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ሁሉ ኃይል ግን የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ካልተሻገረ ለዚያ መንደር ምጣድ የሚፈይደው ነገር የለም።

መፍትሔው የፊዚክስ ብቻ አይደለም። ምጣዱን ከሥሩ ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር መሸፈን ይቻላል፤ ትራንስፎርመሩን መለወጥ ይቻላል፤ ጎረቤታሞች በተራ እንዲጋግሩ መስማማት ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ማን ያስማማል? ቁጥሩን ይዞ ከእድሩም ከቀበሌውም ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱም ጋር በየቋንቋቸው መነጋገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እኔ በዚህ ዘርፍ መሪ የምለው ይህን ሰው ነው።

የማገዶው ነገር ደግሞ ከመንደሩ ያለፈ መዘዝ አለው። አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ ከግንጪ አካባቢ ደጋ ነው። ተዳፋቱ ሲራቆት ጎርፉ የሚያጥበው አፈር ወንዙን ተከትሎ ቆቃ ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የውሃ መያዣ በደለል ምክንያት አቅሙ እየተመናመነ መምጣቱ የታወቀ ነው። በአንድ በኩል መብራት የለም ብለን እንጨት እንቆርጣለን፤ በሌላ በኩል የቆረጥነው እንጨት መብራት የሚሰጠንን ግድብ ይደፍናል። በደንዲ ወረዳ የጭሊሞን ደን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩት ገበሬዎች ይህን ሰንሰለት ከብዙ ምሩቃን ይልቅ ያውቁታል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ኢንጂነር ስመኘው በቀለን ብዙ ተማሪዎች በግድቡ ሥራ አስኪያጅነታቸው ያስታውሷቸዋል። ከዚያ በፊት ግን በመብራት ኃይል ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል፣ በግልገል ጊቤ አንድና ሁለት ሥራዎችም አልፈዋል። ከ2003 እስከ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 2010 ዓ.ም ድረስ ዋለው ያደሩት ጉባ በረሃ ነው። በአደባባይ ያየነው ስም የበቀለው በማናየው ዘመን ውስጥ ነበር። በ2006 ዓ.ም መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ተማሪዎቼ ሁሉ የሚመኙት የመጀመሪያውን ነው፤ የመንደሩ ትራንስፎርመር ያለው ግን በሁለተኛው ዘንድ ነው።

«ወጣቱ በባዶ ኪስ ትራንስፎርመር ሥር ቁም ልትሉት ነውን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ደመወዝ የሌለው ዓላማ ብዙ አይራመድም፤ እኛ መምህራንም ለዚህ ከተጠያቂነት አናመልጥም። እኔ ራሴ በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ስለ ስስ ንብብሮች ብርሃን አመጣጥ ተመራምሬ ስመለስ አንድ ምጣድ ምን ያህል እንደሚያባክን ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። በየዓመቱ የምናስጽፋቸው የመመረቂያ ጽሑፎችም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። የዘንድሮ ተመራቂ የአምቦን፣ የጉደርንና የግንጪን ምጣዶች ቢለካ፣ የከርሞው ልኬቱን ተረክቦ የሸፈነውን ምጣድ ካልሸፈነው ቢያወዳድር፣ የሦስተኛው ዓመት ተማሪ ውጤቱን ይዞ ወደ ቀበሌው ቢሄድ ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት ምሳ አይበልጥም። እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ምሩቅ ደግሞ ለሥራ ሲወዳደር የሚያሳየው ነገር አለው።

ያቺ ተማሪ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የሦስት ቤቶችን ቆጣሪ ከጋገራ በፊትና በኋላ አንብባ በደብተሯ አስፍራለች። አንደኛው ቤት 5.6፣ ሁለተኛው 6.1 ይላል፤ በሦስተኛው አንጻር ግን ዜሮ ተጽፏል። ባለቤቲቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ አመሻሽ ላይ ኃይሉ ስለሚደክም ግን የሚጋግሩት በእንጨት ነው። ተማሪዋ ይህን አስረድታኝ ስታበቃ የሰፈሩን ትራንስፎርመር መጠን የሚነግራት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።