የኢንተርኔት ዋጋ በማን ገቢ ይለካ?

በአንድ አገር ኢንተርኔት ርካሽ ነው ወይስ ውድ የሚለው ጥያቄ የዋጋ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመመልከት ብቻ አይመለስም፤ ዋጋ ርካሽ ወይም ውድ የሚሆነው ከከፋዩ ገቢ ጋር ሲመዛዘን ነውና። ስለዚህ የዋጋን ተመጣጣኝነት ለመለካት፣ ማለትም አገልግሎቱ ከተጠቃሚው የመክፈል አቅም ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም ለማወቅ፣ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ዋጋው ሲሆን ሁለተኛው ዋጋው የሚካፈልበት ገቢ ነው። ዓለም አቀፍ ተቋማት የመጀመሪያውን ቁጥር ለማጥራት ለዓመታት ደክመዋል፤ ሁለተኛው ግን ከአገር አማካይ ሳይወርድ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ በአማራ ክልል ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ላይ ሆኖ ካርድ የሚሞላው ሰው በልኬቱ ውስጥ ሊገኝ አልቻለም።

ልኬቱ የሚሠራበትን መንገድ ማስረዳት ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በየአገሩ «የዋጋ ቅርጫት» የተባለውን ይመዘግባል፤ ቅርጫቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፈጃል ተብሎ የታሰበ የተወሰነ የዳታ መጠን ሲሆን፣ ለሞባይል ኢንተርኔት በቅርብ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው መጠን 2 ጊጋባይት ነው። ዋጋው የሚወሰደው በገበያው ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ካለው ኩባንያ ነው። ከዚያም በሦስት መልኩ ይገለጻል፤ በአሜሪካ ዶላር፣ በየአገሩ ያለውን የኑሮ ውድነት ልዩነት ባስተካከለ የመግዛት አቅም ምንዛሪ፣ እንዲሁም በወር የነፍስ ወከፍ ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ መቶኛ። የነፍስ ወከፍ ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ ማለት የአገሪቱ ነዋሪዎችና ድርጅቶች በአገር ውስጥም ሆነ ከውጭ ያገኙት ገቢ ተደምሮ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። አገሮች በተመጣጣኝነት ሲነጻጸሩ ሚዛኑ በዋናነት ይህ ሦስተኛው መግለጫ ነው።

የብሮድባንድ፣ ማለትም የፈጣን ኢንተርኔት፣ ጉዳይን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግብ መነሻ የኢንተርኔት አገልግሎት ዋጋ ከወር የነፍስ ወከፍ ገቢ 5 በመቶ እንዳያልፍ ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግቡ ተሻሽሎ በታዳጊ አገሮች እስከ 2025 ድረስ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ተወሰነ። ኢትዮጵያ በዚህ ሚዛን ስትታይ ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል። በዓለም ባንክ አቆጣጠር የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ይህ ለ12 ወራት ሲካፈል 85 ዶላር ገደማ፣ የዚያ 2 በመቶ ደግሞ 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የወሩ ቅርጫት ከዚህ በታች ከተሸጠ አገሪቱ ግቡን መታች ይባላል።

ችግሩ የሚጀምረው አማካዩ ከሰዎች ኪስ ጋር ሲተያይ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአንዲት ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አስፍረዋል። የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዚያ ወቅት በዓመት 800 ዶላር ገደማ ስለነበር፣ ግቡን በትክክል የመታ፣ የአማካዩን 2 በመቶ ብቻ የሚያስከፍል ቅርጫት 1 ዶላር ከ33 ሳንቲም ያህል ይሆናል፤ ይህ ግን ከሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ 5 በመቶ ይወስዳል። የአገሪቱ ስም ግቡን ካሳኩት መካከል ሲጻፍ፣ ሠራተኛዋ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በተነሣበት ጣሪያ ላይ ቆማ ትቀራለች ማለት ነው። ደብረ ብርሃንም የራሷ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከብርድ ልብስ ፋብሪካው እስከ ቢራ ፋብሪካዎቹ ድረስ ብዙ የደመወዝ ሠራተኛ የያዘች ከተማ ስለሆነች፣ በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩ ይህን ስሌት ለከተማዋ የቅርብ ጉዳይ ያደርገዋል።

የመንግሥት ሠራተኛውም ሁኔታ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1 ሺህ 100 ብር ወደ 4 ሺህ 760 ብር ከፍ ብሏል፤ ከማስተካከያው በፊት የዚያ ሠራተኛ ደመወዝ 2 በመቶ 22 ብር ብቻ ሲሆን ከማስተካከያው በኋላ 95 ብር ሆኗል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ተመጣጣኝነት በቴሌኮም ኩባንያዎች የዋጋ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንደማይወሰን፣ በደመወዝ መዝገብም ላይ እንደሚወሰን ያሳያል። ከዚህም በላይ አንድ ደመወዝ የስንት ሰው መተዳደሪያ እንደሆነ ሲታሰብ፣ በአንድ ቤት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊና ነጋዴ ሦስት ስልክ ይዘው ከአንዱ ገቢ ሲሞሉ ስሌቱ እንደገና ይከብዳል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አንኮበር ሲደረስ ደግሞ የገቢው ጠባይ ራሱ ይለወጣል። በብሔራዊ ሒሳብ አሠራር ገበሬው አምርቶ ራሱ የሚበላው ገብስና ባቄላ በዋጋ ተተምኖ ከአገሪቱ ገቢ ጋር ይደመራል፤ ይህም የአገርን ምርት በሙሉ ለማወቅ ትክክለኛ አሠራር ነው። ሆኖም ጎተራ ውስጥ ያለው ገብስ የሞባይል ካርድ አይገዛም። በግ ሳይሸጥ ወይም እህል ገበያ ሳይወጣ ጥሬ ገንዘብ አይገኝምና፣ ለአንኮበር ገበሬ ኢንተርኔት የሚመጣጠነው በዓመት ውስጥ በእጁ ከሚገባው ጥሬ ገንዘብ ጋር እንጂ በስሌት ከሚተመንለት ጠቅላላ ገቢ ጋር አይደለም። ገንዘቡም ቢሆን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ መጥቶ በክረምት የሚነጥፍ ስለሆነ፣ ዓመታዊውን ገቢ ለ12 እኩል ወራት ማካፈል ለወር ደመወዝተኛ የሚስማማውን ያህል ለእርሱ አይስማማም። የቴሌኮም ዋጋ ግን ለአዲስ አበባም ለአንኮበርም አንድ ነው፤ ዋጋው አንድ ሆኖ ገቢው ሲለያይ እኩል የሚመስለው ታሪፍ እኩል ያልሆነ ሸክም ይሆናል።

መለኪያ እንደ ቦታው እንደሚለዋወጥ ይህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ከአንኮበር ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ጠረፍና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ሲገበያዩ፣ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ስለዚህ ነጋዴው የአሞሌውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ ጭምር ያሰላ ነበር። ዛሬ አገሮች ሲነጻጸሩ በአሞሌ ቦታ የቆመው ዶላር ነው፤ የዶላርም መለኪያነት እንዲሁ ቦታውንና ጊዜውን ካላገናዘበ ያሳስታል።

ለዚህ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ለአብነት 100 ብር የሚሸጥ ጥቅል ቢወሰድ፣ ከውሳኔው በፊት በዶላር 1 ከ75 ሳንቲም የነበረው ዋጋ ከዚያ በኋላ ወደ 83 ሳንቲም ይወርዳል። በዶላር ብቻ የሚሠራ የአገሮች ደረጃ ሰንጠረዥ ይህን ሲመለከት ኢትዮጵያን በኢንተርኔት ርካሽነት ወደ ላይ ያወጣታል፤ ጥቅሉን በብር የሚገዛው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ግን አንድ ሳንቲም አልተቀነሰለትም። እንዲያውም ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዳንድ አገልግሎቶቹ ላይ የዋጋ ጭማሪ አድርጓል። በገቢ መቶኛ የሚደረገው ስሌትም ከዚህ ስሕተት ሙሉ በሙሉ አያመልጥም፤ የዓለም ባንክ የነፍስ ወከፍ ገቢን ወደ ዶላር ሲቀይር የምንዛሪ መዋዠቅን ለማለዘብ የሦስት ዓመት አማካይ ስለሚጠቀም፣ ዋጋው በአዲሱ ምንዛሪ ገቢው ግን ከፊሉ በድሮው ምንዛሪ ይለካና መቶኛው ለጊዜው ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። የብር ገቢ ከብር ዋጋ ጋር በቀጥታ ቢመዛዘን ይህ ሁሉ ብዥታ አይፈጠርም ነበር።

ቅርጫቱ ራሱም የድሃውን የግዢ ልማድ አያሳይም። ልኬቱ የወር ፍጆታን መነሻ ሲያደርግ፣ ገቢው በየቀኑ የሚገኝ ሰው፣ የቀን ሠራተኛውም ሆነ ጉልት ላይ የምትሸጠው እናት፣ የሚገዛው በአብዛኛው የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል ነው። ትንንሽ ጥቅሎች በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ገንዘብ ቢያቀሉም ለአንድ ሜጋባይት የሚከፈለው ከወርኃዊው ጥቅል ከፍ ይላል፤ ያልተጠቀሙበትም ሲቀር ቀኑ ሲያልፍ ይቃጠላል። ስለዚህ ትንሽ ያለው ሰው ለተመሳሳይ ዳታ የበለጠ ይከፍላል፤ ሰንጠረዡ ግን የሚመዘግበው ብዙ በአንድ ጊዜ መግዛት የሚችለውን ሰው ዋጋ ነው። በላዩ ላይ ስማርት ስልክ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብና መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ የሚከፈለው በቅርጫቱ ውስጥ የሉም።

ከሁሉ የከፋው ግን ልኬቱ ኢንተርኔቱ በእርግጥ መኖሩን አለመጠየቁ ነው። ከአንኮበር አምባ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደላማ መልክዓ ምድር የሞባይል ሞገድን በየሸለቆው ስለሚከልል፣ አንድ ምሰሶ በሜዳ ላይ የሚያዳርሰውን ያህል ሕዝብ በዚያ አያዳርስም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ፣ በተወሰኑ ከተሞች ቀስ በቀስ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነው። በእነዚያ ወራት የቅርጫቱ ዋጋ በሰንጠረዡ ላይ እንደ ወትሮው ተመዝግቦ ቆይቷል። ሊገዛ የማይችል ነገር ዋጋው ዝቅተኛ ነው ማለት ግን ትርጉም የለውም። ቀላል እርማት ማድረግ ይቻላል፤ ለ30 ቀን የተከፈለበት ጥቅል 20 ቀን ብቻ ካገለገለ እውነተኛ ዋጋው አንድ ተኩል ጊዜ ሆኗል፤ ጭራሽ ካላገለገለ ደግሞ በየትኛውም ገቢ የማይደረስበት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዓለም አቀፉ ንጽጽር ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በዋጋ ከጎረቤቶቿ ወደኋላ መቅረቷ በተደጋጋሚ መነገሩ ለለውጥ ግፊት ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀንሷል፤ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቁሟል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከድሬዳዋ ጀምሮ ወደ ገበያው ገብቷል። በብዙ አገሮች ውስጥ በአማካይ ገቢ የተለካው መቶኛ ሲወርድ መታየቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አማካዩ የመነሻ ጥያቄ እንጂ የመጨረሻ መልስ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ኢትዮጵያ የራሷን ልኬት ልትሠራ ይገባል፤ ይህም ከአቅሟ በላይ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየገበያው ዋጋ የሚሰበስቡ ሠራተኞችና የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ልምድ አለው፤ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የኩባንያዎችን ታሪፍና የአገልግሎት ጥራት የመከታተል ሥልጣን አለው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ደግሞ በየወረዳው መረጃ ሊሰበስቡ የሚችሉ ተማሪዎችና መምህራን አሏቸው። እነዚህ ቢተባበሩ በየዓመቱ በየዞኑ አራት ነገሮችን ማሳተም ይቻላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አምስተኛው የሕዝብ ክፍል ከጥሬ ገንዘብ ገቢው ስንት በመቶውን ለኢንተርኔት እንደሚያወጣ፣ ሰዎች በእርግጥ በሚገዙት ጥቅል አንድ ጊጋባይት ስንት እንደሚያወጣ፣ አነስተኛው ስማርት ስልክ የስንት ቀን ገቢ እንደሚጠይቅ፣ እንዲሁም አገልግሎቱ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደነበረ። ሁሉም በብር ቢሰላ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር የምንዛሪ ለውጥ አያደናግርም፤ ከሌሎች አገሮች ጋር ለመተያየት ደግሞ መቶኛው በቂ ነው።

የዚህ ልኬት አስፈላጊነት በየዓመቱ ይጨምራል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎትን፣ ክፍያንና ትምህርትን ወደ ኢንተርኔት ለማምጣት ያለመ ነበር፤ የዜጋው መብትና ግዴታ በስልክ ላይ ሲሰፍር ኢንተርኔት ለመዝናናት የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ መሆኑ ይቀራል። መንግሥት አንድን አገልግሎት በስልክ ብቻ እንዲገኝ ሲያደርግ የዳታውን ዋጋ በአገልግሎቱ ላይ እንደተጨመረ ክፍያ ሊቆጥረውና ማን እንደማይችለው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ይህን የሚነግረው ሰንጠረዥ ኢትዮጵያን ከሌሎች አገሮች ጋር ከማሰለፉ በፊት አንኮበርን ከአዲስ አበባ ጋር ማሰለፍ አለበት፤ ግቡም ተሳካ መባል ያለበት 2 በመቶው በዝቅተኛው ገቢ ላይ ተሰልቶ ሲገኝ ብቻ ነው።