«አራሽ» ማን ነው?

መሬት ሲነሳ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣ አባባል አለን፦ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም።» ስንሰማው ልባችን ይሞቃል። ግን ለማን እንደተነገረ አስተውለን እናውቃለን? ሚስትና ርስት እዚህ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱም የወንዱ ናቸው ተብሎ ነው። ሴቲቱ ራሷ ርስቷን ተነጥቃ ስትጮህ ይህን አባባል ጠቅሶ ከጎኗ የሚቆም የለም።

ይህ ሁሉ የተተከለው «ሴት አታርስም» በሚል እምነት ላይ ነው። አታርስምና መሬቱ በእውነት የእሷ አይደለም፤ ያገኘችው በባሏ፣ በአባቷ ወይም በወንድሟ ደግነት ነው ይባላል። እኔ ይህን እምነት ግፍ ነው እላለሁ።

እስቲ የጤፍ ማሳን እንይ። በሬ ጠምዶ እርፍ የሚጨብጠው ወንዱ ነው፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላስ? ከሰል የመሰለ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ቀኑን ሙሉ አረም የምትነቅለው ማን ናት? አጨዳው ላይ፣ ውድማው ላይ ማን አለ? ለደቦው እንጀራውንና ጠላውን የምታደርሰው፣ ለከርሞ የሚሆነውን ዘር ለይታ የምታስቀምጠውስ? ከዚህ ሁሉ ድካም መካከል አንዱን ብቻ መርጠን «እርሻ» አልነው፤ ባለቤትነትንም ለእርፍ ጨባጩ ብቻ ሰጠን። የቀረውን ድካም ደግሞ «ማገዝ» አልነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 «መሬት ለአራሹ» ለሚለው ጩኸት መልስ ሰጠ። ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ፣ ጾታ ሳይለይ፣ መሬት ይሰጣል አለ። ለዘመኑ ትልቅ ቃል ነበር። ይኸው አዋጅ ግን በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ባለይዞታው ከሞተበት፣ ካረጀበት ወይም ከታመመበት ቤተሰብ ጋር በአንድ ድንጋጌ አስቀምጦ ከክልከላው ነጻ አደረጋት። ለእሷ ታስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ዋናው አራሽ ወንዱ መሆኑን፣ እሷ ምሕረት የሚደረግላት መሆኗን ሕጉ ራሱ አመነ። በየገበሬ ማኅበሩ የተመዘገበውም የቤተሰብ ኃላፊው ነበር፤ ባል ባለበት ቤት ደግሞ ኃላፊው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተሻሽሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደር፣ በመቆጣጠርና በማስተላለፍ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የጋራ ይዞታ ደብተር በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በአማራ ክልል ደብተሩ የባልም የሚስትም ፎቶ የሚለጠፍበት ሆነ። ይህን አላቃልልም፤ ብዙ ሴት ፍርድ ቤት የቆመችው ያንን ደብተር ይዛ ነው። የምቃወመው «ስሟ ደብተሩ ላይ አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?» የሚለውን እርካታ ነው።

ከባሏ የተፋታች አንዲት ሴት እናስብ። አንድ ሄክታር ነበራቸው፤ ግማሹ ደረሳት። በሬ የላትም፤ ቢኖራትም ጠምዳ ብትወጣ አገር ይስቅባታል። ስለዚህ መሬቷን ለሌላ አራሽ በእኩል ትሰጣለች። ከግማሽ ሄክታሩ ምርት ግማሹ ሲሄድ የሩብ ሄክታር ብቻ ይቀራታል። የእኩል አራሹም የሚያርሰው መጀመሪያ የራሱን ነው፤ የእሷ ተራ ሲደርስ እርጥበቱ አልፏል። ምርቱ ሲያንስ ጎረቤቱ «አላልንም? ሴት መሬት አታለማም» ይላል። እጇን አስሮ «ለምን አትሠሪም» ማለት ይኸው ነው። ባለ ደብተር ናት፤ ጎተራዋ ግን ባዶ ነው።

ሴት ልጅ ደግሞ የአባቷን ውርስ ስትጠይቅ ሽማግሌ ይቀመጣል። «የወንድሞችሽን እንጀራ አትቁረሺ፤ አንቺ ከባልሽ ታገኛለሽ» ትባላለች። ባሏ ዘንድ ደግሞ «መጤ» ናት። በሁለቱ ቤት መካከል መሬት አልባ ትሆናለች። ሕገ መንግሥቱ የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ዘመድ ሁሉ ከቦ ሲለማመጣት፣ እንቢ ካለች ክፉ ቀን ሲመጣባት የምትጠጋበት እንደማይኖር እያወቀች አንገቷን ብትደፋ፣ ያንን ስምምነት ልንለው አንችልም።

«ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። የትኛው ባህል? በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። «ይህ የእናቴ ርስት ነው» ብሎ የተሟገተ ወንድ ስንት ነው! እናቱን ባለርስት ያደረገው ባህል እህቱን ከየት አምጥቶ ይከለክላታል? ልማዱ የተለየባቸው አካባቢዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ሰው የሠራውን ልማድ ግን ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። «እህት ከተካፈለች መሬቱ ይበጣጠሳል» የሚሉም አሉ። አራት ወንድማማቾች ሲካፈሉ ስለ መበጣጠስ ማን ተናገረ? የመሬት ጥበት ሁላችንንም ያስጨንቃል። መሥዋዕት የምትሆነው ግን ሁልጊዜ እሷ ብቻ ልትሆን አይገባም።

ስለዚህ ሴት መሬቷን የተወችበት የሽምግልና ወረቀት ዳኛ ፊት፣ ዘመድ በሌለበት፣ እሷ ራሷ ቃሏን ሳትሰጥ አይጽደቅ። የእኩል ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የሚታረስበት ጊዜም በውሉ ይግባ። ለሴት ባለይዞታዎች የበሬ ጥማድ በብድር ይቅረብ። ሴት ስትጠምድ የሚስቀውን ሰው ደግሞ ካህኑም፣ ሼኹም፣ መምህሩም ይገሥጸው።

ለሽማግሌዎቻችንም አንድ ነገር እላለሁ። እናንተን አከብራለሁ፤ ብዙ ደም ያደረቃችሁ ናችሁ። ነገር ግን «ለሰላም ስትይ ተዪው» ከማለታችሁ በፊት ወደ ወንድሟ ዞራችሁ «ለሰላም ስትል አካፍላት» በሉት። እሱ ተለምኖ የማያውቀው ለምንድን ነው? እሷ ስትተው ብቻ የሚወርድ ሰላም ለእሷ ሰላም አይደለም።