የቤዙ ጊታር ለምን አይሰማም?

በቦሌ አዳራሾች ባንድ የሚሰማ ተማሪ ሁሉ የቤዝ ጊታሩ ጉርምርምታ ከሆዱ ይደርሳል፤ ዜማው ግን ከጆሮው አይደርስም። ጓደኞቻችን መድኃኒቱ ድምፁን ማጕላት ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ወፍራሙ የቤዝ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ትልቁ ከበሮና የኪቦርዱ ግራ እጅም ከዚያው ሠፈር ናቸው። በተጨመረ ቍጥር ግርግሩ ይብሳል።

አባቶቻችን ይህን በበገና ላይ አውቀውበታል። በክሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ወፍራሙን ድምፅ ስለምታስነዝረው ጆሮ በንዝረቱ ይይዘዋል። በዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» (1977 እ.ኤ.አ.) የቤዙን ዜማ ተከትሎ ማንጎራጎር ይቻላል።

እንግዲህ ቤዝ መቺው ዝቅተኛውን ድምፅ ቀንሶ መካከለኛውን ይጨምር፤ ኪቦርድ ተጫዋቹም ግራ እጁን ያሳርፍ። የኪቦርድ ወዳጆቼ በዚህ እንደሚቀየሙኝ ዐውቃለሁ።