የፔኔሎፒን ብዕር ለፍርድ ያቀረበው ማነው?

ብሪጀርተንን የምንወድ ሰዎች መናቅን ለምደነዋል፡፡ «ደግሞ የፍቅር ፊልም!» ሲሉን ሰምተን እንዳልሰማን እናልፋለን፡፡ የሚያናድደን የምንወደው ድራማ ራሱ ሲንቀን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሦስተኛው ሲዝን ያደረገው ይሄንኑ ነው፡፡

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ፡፡ ጁሊያ ክዊን ከ2000 እስከ 2006 ለስምንቱ የብሪጀርተን ልጆች ስምንት መጽሐፍ ጻፈች፡፡ ውሉ ግልጽ ነው፤ በየተራው አንድ ጥንድ፣ አንድ ፍቅር፡፡ ኔትፍሊክስም በ2020 በዳፍኒና በሳይመን፣ በ2022 ደግሞ በአንተኒና በኬት ውሉን አከበረ፡፡ የፔኔሎፒና የኮሊን ተራ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ!

ፔኔሎፒ የእኛ ልጅ ነበረች፡፡ እናቷ በምታለብሳት ቢጫ ቀሚስ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም፣ ማንም ለዳንስ የማይጋብዛት፣ ማታ ግን ሌዲ ዊስልዳውን በሚል ስም ንግሥቲቱ ሳትቀር ለንደን ሁሉ የሚያነበውን የሐሜት ወረቀት የምትጽፍ፡፡ ሁለት ሲዝን ሙሉ ተራዋን ጠበቅን፡፡

ምን ሰጡን? ስምንት ክፍል፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ፡፡ አራቱ በግንቦት፣ አራቱ ከአራት ሳምንት በኋላ በሰኔ፡፡ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ የሞንድሪች ቤተሰብ ውርስ አለ፣ የቫዮሌት አዲስ ወዳጅ አለ፣ የቤኔዲክት ጀብዱ አለ፣ የፍራንቼስካ ትዳር አለ፣ የክሬሲዳ ሴራ አለ፡፡ ኧረ በሕግ! ሙሽሮቹስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፡፡ አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሠረገላው ውስጥ የሆነውን አንክድም፣ ልብ ያቀልጣል፡፡ ከዚያ ወዲያ ግን ፍቅሩ ጥጉን ይዞ ቁጭ አለ፡፡

ይሄን እንኳ በቻልነው፡፡ ያልቻልነው የብዕሯን ነገር ነው፡፡ መጽሐፉ ውስጥ ኮሊን በጽሑፏ ይናደዳል፣ ይቀናልም፤ በመጨረሻ ግን በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ ማንነቷን በኩራት የሚያውጀው እሱ ነው፡፡ ድራማው ላይ ኮሊን እንድታቆም ይወተውታታል፣ እሷም ንግሥቲቱ ፊት ቆማ ጥፋቷን ተናዛ መጻፏን እንድትቀጥል ፈቃድ ትለምናለች፡፡ ኮሊን የሚኮራባት ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፡፡

«አጥፍታለች እኮ!» የሚለን አይጠፋም፡፡ አዎ፣ አጥፍታለች፡፡ በመጀመሪያው ሲዝን የማሪናን እርግዝና ለከተማው ያሰራጨችው እሷ ናት፡፡ እንግዲያው ይቅርታው የሚገባው ለማን ነበር? ለማሪና! ማሪና ግን ሲዝኑ ውስጥ የለችም፡፡ ይቅርታውን የተቀበለችው ከዚያ ወረቀት በላይ የሚያዝናናት ያልነበረው ንግሥት ናት፡፡ የተበደለችው ሳትጠየቅ ባለሥልጣኗ ማረች፡፡ ይሄ ፍትሕ አይደለም፣ የጸሐፊነት ክብርም አይደለም፡፡

«በስንት ሚሊዮን ሰው ታየ» ብላችሁ አትከራከሩን፡፡ እኛም እኮ አይተነዋል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ! ስለምንወደው ነው የምንጮኸው፡፡ ቀሚሱን አሳምሩ፣ ኳሱን አድምቁ እያልን አይደለም፤ እሱንማ ችላችሁበታል፡፡ ከእንግዲህ አንዲት ልጅ ተራዋ ሲደርስ ተራዋን አትንጠቋት፡፡ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ለመጻፍ ፈቃድ አታስለምኗት፡፡