ስለ ባሕር ሙቀትና ስለ ደጋው አዝመራ

ከባሕር ርቆ፥ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጫጫ ደጋ ለሚኖር ባላገር ስለ ውቅያኖስ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቢነገረው፥ ነገሩ የመርከበኛ እንጂ የገበሬ አይደለም ሳይል አይቀርም። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትምና፥ ከሹማምንቱም ብዙዎች ይህን አሳብ ይጋሩታል። እኛ ግን የባሕርን ሙቀት ማወቅ ለአንጎለላና ጠራ ወረዳ፥ ለመላውም ደጋ፥ እንደ ማረሻና እንደ ዘር የሚያስፈልግ የእርሻ እውቀት ነው እንላለን። ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

በባሕር ላይኛው ውሃ ውስጥ፥ በዓይን ለማየት የማይቻሉ እጅግ ረቂቅ ዕፀዋት ይኖራሉ፤ ሊቃውንት ፋይቶፕላንክተን ይሏቸዋል። እንደ ገብሳችን የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ በምድር ሁሉ ከሚደረገው ከዚህ ሥራ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ነው። ትንንሽ የባሕር እንስሳት እነርሱን፥ ዓሦች ደግሞ እነዚያን እንስሳት ስለሚበሉ፥ የባሕር ሣር ብንላቸው አይበዛባቸውም።

ለእነዚህ ዕፀዋት ሙቀት ሁለት ፊት አለው። ምግብ ካላቸው መጠነኛ ሙቀት እድገታቸውን ያፋጥናል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይጎዳቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምግባቸው የሚመጣበት መንገድ ነው። ናይትሮጂንና ፎስፎረስ፥ የቀረውም ምግባቸው፥ አብዛኛውን የሚገኘው ከታች በጨለማውና በቀዝቃዛው ውሃ ነው። የላይኛው ውሃ በጋለ ጊዜ ቀልሎ እንደ ዘይት በላይ ይተኛል፤ ከሥር ያለው ከባዱ ውሃም ምግቡን ይዞ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ይህም ፍጉ ከበረት ሳይወጣ እንደ ቀረበት እርሻ ነው፤ ፀሐይ ሳይጎድልበት ቡቃያው ይቀጭጫል።

ለዚህ ጎረቤታችን የሕንድ ውቅያኖስ ምስክር ነው። በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ሲያርቅ፥ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፤ ባሕሩም በእነዚህ ዕፀዋት ይለመልማል። ይሁን እንጂ የዚህ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል እየሞቀ በመሄዱ፥ በ60 ዓመት ውስጥ የዕፀዋቱ ብዛት እስከ 20 በመቶ እንደ ቀነሰ በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ገምቷል።

ከዚህም ይልቅ እኛን የሚነካው የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ነገር ነው። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ጠረፍ ቀዝቃዛው ውሃ ዘወትር ከሥር ስለሚወጣ፥ አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣ እጅግ ይበዛል። በየጥቂቱ ዓመት ግን ነፋሱ ይደክምና ሞቃቱ ውሃ ወደ ጠረፉ ተመልሶ ይተኛል፤ ይህም ኤልኒኖ ይባላል። በ1964 ዓ.ም. እንዲህ በሆነ ጊዜ፥ ከሁለት ዓመት በፊት ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የፔሩ ዓሣ፥ ከልክ ያለፈ ማጥመድ ተጨምሮበት፥ በ1965 ዓ.ም. ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ። በዚያው በ1964 ዓ.ም. የእኛም ክረምት ተጓደለ፤ በወሎና በትግራይ ያስከተለውንም ረሃብ የማያውቅ የለም። የባሕሩን ሣር ያስራበው ሙቀት በላዩ ያለውን የአየር ጉዞ ስለሚለውጥ፥ ለክረምታችን እርጥበት የሚያመጡት ነፋሳት ይደክማሉና። በ2007 ዓ.ም. ክረምትም እንዲሁ ሆኖ፥ በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ድርቅ ሁሉ ከኤልኒኖ የሚመጣ አይደለም። ደግሞም ድርቅ ከባሕር ቢመጣም፥ በ1965 ዓ.ም. ረሃቡን ያከፋው ወሬው መደበቁና እርዳታው መዘግየቱ ነው። ስለዚህ የሹም በደል ዝናብ በመቅረቱ ሳይሆን፥ እያወቀ ዝም በማለቱ ይቆጠራል።

የባሕር ሙቀት በአንድ ቀን አይለወጥም፤ በተንሳፋፊ መለኪያና በሳተላይት ወራት ቀድሞ ይታያል። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ይህን እየተመለከተ ከበጋ፣ ከበልግና ከክረምት አስቀድሞ ትንበያውን ይገልጻል። አንዳንድ ሹማምንት፥ ትንበያ ይስታልና ባላገሩን አናሳስት፥ ይላሉ። እርግጥ ነው፥ ትንበያ ትንቢት አይደለም፤ ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ ብቻ ያመለክታል። ነገር ግን ወደ ድርቅ ባዘነበለ ጊዜ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ኪሣራ የለበትም። ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ማዘጋጀት፣ ለዘር የሚሆነውን ገብስና ባቄላ ለገበያ አለማውጣት፣ ለበግና ለከብት ድርቆሽ መከመር፣ ምንጭ መጥረግ ነው። ዝናቡ መልካም ሆኖ ቢያልፍ እንኳ ድርቆሹ ለሚቀጥለው በጋ ይውላል፤ ዘሩም በጎተራ ይገኛል።

እንግዲህ የወረዳና የቀበሌ አስተዳዳሪዎች፥ ሰፊ መሬት የያዛችሁም ሁሉ፥ የወቅቱ ትንበያ በደረሳችሁ ጊዜ ከመዝገብ ቤት እንዳይቀር አደራችሁን ጠብቁ። በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በእድር ስብሰባ ለባላገሩ በሚገባው ቃል ይነገር፤ የእርሻ ባለሙያውም የሚዘራውን እህል ከዚሁ ጋራ አስተያይቶ ይምከር። ይህ ሁሉ ከዘር በፊት ሊፈጸም ይገባል፤ ከዘር በኋላ የሚነገር ወሬ ለባላገሩ ምንም አይረባውም።