ለዐሥራ ሁለቱም ወር አንድ ሻንጣ

ወደ ኢሉባቦር የሚነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዝናብ የማይኖረው በየትኛው ወር ነው?» ይለኛል። ጥያቄው ከደጋው ልማድ የተወለደ ነው። በሸዋም ሆነ በጎጃም ያደግን ሰዎች ዓመቱን ለሁለት ከፍለን መኖር ለምደናል፤ ሰኔ ሲገባ ክረምት፣ መስከረም ሲጠባ በጋ። ጉዞውም፣ ሠርጉም፣ የቤት ሥራውም በዚሁ ልክ ይቀጠራል። ለመቱ፣ ለጎሬና ለዳሪሙ ግን ይህ ጥያቄ አይሆንም ብዬ እሟገታለሁ። ለዚያ አገር ወር አይመረጥም፤ ዕቃ ነው የሚመረጠው። ዕቃውም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያው አንድ ነው።

ነገሩ ከአገሩ ተፈጥሮ ይጀምራል። በዚያ በምዕራቡ ጫፍ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይከፍትና እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል። ቀለል የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን ደመና ሲቋጥር «ወሩ አይደለም» ብሎ የሚከራከረው እንግዳ ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ ጎሬ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ታገኛለች። በዚህ ላይ መልክዐ ምድሩ አለ። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ መቱ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ባለው ምድር ላይ ናት። ከዳሪሙ ከፍታ ወደ ጨዋቃና ወደ ደዴሳ ሸለቆ ለሚወርድ ደግሞ ቆላው ይቀበለዋል። መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ጉም፣ ወበቅና ሙቀት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ የታሰበ ሻንጣ ለአንድ ቀን እንኳ አይበቃም።

ይህ የሽርሽር ሰው ቅንጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጡ ወጣቶችን ይቀበላል። አዲስ የተመደበ መምህር፣ ነርስና የግብርና ባለሙያም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የጥሪ ማስታወቂያ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ሠመራ የሚገባውም፣ ደብረ ብርሃን የሚገባውም፣ መቱ የሚገባውም የሚያነበው ይህንኑ ነው። ለአፋር ሙቀት ብርድ ልብስ የሚያዝዘው ዝርዝር ስለ ኢሉባቦር ዝናብ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ቤተሰብ ያለችውን ጥሪት አሟጦ የቆዳ ጫማና ወፍራም ጃኬት ይገዛል። ጫማው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከአልጋ ሥር አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል፤ ጃኬቱ አንድ ጊዜ ከራሰ ለቀናት አይደርቅም። ልጁም «አገሩ አይኖርበትም» ብሎ ለቤቱ ይደውላል። በደሉ የአገሩ አይደለም፤ የዝርዝሩ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የእኔ ዝርዝር ከወረቀት ይጀምራል። የትምህርት ማስረጃ፣ መጽሐፍና ደብተር ከልብስ በፊት ይታሰቡ። ከአዲስ አበባ በጅማም ሆነ በነቀምት ዞሮ በበደሌ በኩል መቱ እስኪደረስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻንጣው ይህን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሊጓዝ ይችላል። በላዩ የሚለበጠው ሸራ ስንት ቀዳዳ እንዳለው የሚታወቀው ከወረዱ በኋላ ነው። ወረቀት በፌስታል፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ተጠቅልሎ መሐል ላይ፣ በልብስ ተከብቦ ይቀመጥ። ዋናው ማስረጃ ግን ከሰው እጅ ባይለይ ይመረጣል። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ከደረሰ በኋላም ሥራ አለበት፤ መጻሕፍቱን ከግድግዳ አርቆ ማቆም፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ አየር ማስነካት። በዚያ አገር መጽሐፍ እንደ ከብት ጠባቂ ይፈልጋል።

ቀጥሎ እግር ነው። ቀዩ አፈር ሲርስ ያንሸራትታል፣ ከጫማ ጋርም እየተጣበቀ ይከብዳል። የሶሉ ጥርስ ያላለቀ ቦቲ ጫማ፣ ከሦስት ያላነሰ ካልሲና እቤት የሚደረግ ነጠላ ጫማ ይበቃሉ። ገበሬው ኮንጎ ጫማ የሚያደርገው ድህነት ብቻ አስገድዶት አይምሰላችሁ፤ ኮንጎ ይታጠባል፣ ወዲያው ይደርቃል፣ አይሻግትም። ቦቲና ጃንጥላ በመቱ ገበያ ስለሚገኙ ለእነርሱ ከሩቅ መሸከም አያስፈልግም፤ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ እዚያው መግዛት ይሻላል። ጃንጥላ ለከተማው መንገድ መልካም ነው። በሞተር ለሚጓዝ፣ ዳገት ለሚወጣ ወይም እጁ ዕቃ ለያዘ ሰው ግን ከራስ እስከ ጉልበት የሚሸፍን የዝናብ ልብስ ይበልጠዋል። እርሱም ከሌለ አንድ ሰፊ ላስቲክ አይናቅ፤ የአገሩ ልጆች የእንሰትና የሙዝ ቅጠል ደፍተው ሲሮጡ የምታዩት ያንኑ ጥበብ ነው።

ልብስ ሲባል ወፍራም ሁሉ ሙቀት ይመስለናል። ጂንስ በኢሉባቦር ከረጠበ እንደ ተጣለ ይቆጠራል። ስስ ሆነው ቶሎ የሚደርቁ ሁለት ሱሪዎች፣ እጅጌያቸው የረዘመ ሸሚዞችና አንድ የሱፍ ሹራብ ከሦስት ጃኬት ይሻላሉ። ጋቢ ይያዝ ወይስ ይቅር የሚል ክርክር ሰምቻለሁ፤ ይያዝ ባይ ነኝ። የጎሬ ሌሊት ጋቢ ያስመሰግናል። ነገር ግን ጋቢ የቤት ልብስ ሆኖ ይቅር፤ ዝናብ የጠጣ ጋቢ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም።

የእናት ስንቅም ምክር ይሻዋል። እንጀራ በዚያ እርጥበት ሁለትና ሦስት ቀን አይዘልቅም፤ ድርቆሽና ቆሎ ይለሰልሳሉ፤ በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ እዚያ ግን ጨዉ በተከፈተ ዕቃ ከተተወ ውኃ መቋጠሩ አይቀርም። የሚላከው ጥቂት ይሁን፤ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይታሸግ። ክብሪትም እንዲሁ በጠርሙስ ይግባ። የእጅ ባትሪ አይረሳ። አጎበር በምንም ምክንያት አይቅር፤ ከጎሬ ከፍታ ዝቅ ባለው አገር የወባ ትንኝ አለች፤ ወረርሽኙም የሚበረታው ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። «ዝናብ በሌለበት ወር ልሂድ» ያለ ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ ከወባዋ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ወደ ቆላው የሚወርድ ስለ መከላከያ መድኃኒት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የመንገዱን ጸጥታም ከመነሣቱ በፊት ከአገሬው ሰው ይጠይቅ።

ዝናቡ በዚያ አገር መንገድ የሚዘጋ ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። መርከቦቹ ወደ ጋምቤላ መውጣት የሚችሉት ባሮ በክረምቱ ሲሞላ ብቻ ነው። ሌላው ኢትዮጵያ በሩን ሲዘጋ ኢሉባቦር በሯን ትከፍት ነበር ማለት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ የቀረው መንግሥት ጎሬ ላይ ተቀመጠ፤ ራስ እምሩም ከሰሜን ግንባር በጎጃም በኩል ዞረው ወደዚያው አቀኑ። የዚያ ዓመት ክረምት የጠላትን ከባድ መኪና በጭቃ ያዘው፤ ጣልያን ጎሬ የገባው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነበር። የንግድ ሰው ወደ ኢሉባቦር መምጣቱ ለሥነ ጽሑፋችንም ተርፏል። በዓሉ ግርማ ሱጴ ላይ የተወለደው ከሕንድ ከመጣ ነጋዴ አባት ነው።

ስለ ሻንጣ ስናወራ ሻንጣ ሳይኖራቸው የደረሱትን መርሳት አይገባም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከመታቸው አገሮች በመንግሥት ሠፈራ ወደ ኢሉባቦር የተጋዙት ሰዎች የመጡት ዝናብ ጠፍቶበት ካስራባቸው ምድር ነው፤ የወረዱት ዝናብ ወደማያቆምበት ምድር ነው። ምን እንደሚያስፈልጋቸው የነገራቸው አልነበረም፤ ቢነገራቸውም የሚይዙት አልነበራቸውም። በወባና በእርጥበት የደረሰባቸውን ያዩ ሁሉ ያውቁታል። በ1996 ዓ.ም. ከሐረርጌ ወደ ጨዋቃ የሠፈሩትም ከደረቅ አገር ነበር የመጡት። ሰውን ወደማያውቀው አየር የሚልክ ሁሉ፣ መንግሥትም ሆነ ትምህርት ቤት፣ ስለዚያ አየር አስቀድሞ የመንገር ዕዳ አለበት የምለው ስለዚህ ነው። በጥሪ ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ወጪ የለውም፤ «አገሩ ዝናባማ ነው፤ ማስረጃችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ቦቲና አጎበር ያዙ» ማለት ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ከሻንጣው ሲሶው ባዶ ይሁን። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ በደኑ ጥላ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ያ ቡናና ያ የጫካ ማር የዚያው ዝናብ ልጆች ናቸው። አገሬው ለእንግዳው ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ ቡና ቀላ ብሎ ሲያቀርብለት ከደጅ ዝናቡ እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በስንብቱ ቀን ደግሞ አንድ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ጠርሙስ ማር ሳይሰጡት አይሸኙትም፤ ቦታ የለኝም ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ ጥር ነው ሐምሌ ነው ሳትሉ ተነሡ። ወረቀታችሁ ከተጠቀለለ፣ እግራችሁ ከተጫማ፣ አጎበራችሁ ከታጠፈ፣ ባዶው ቦታም ካልተነካ ጊዜው ደርሷል።