ጌትነትና እንጀራ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ስንጽፍ ከጉዳያችን የወጣን መስሎ እንዳይታይ ክቡራን አንባቢዎቻችንን እንለምናለን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደየቤታችን ምድጃ የሚመለስ ነውና።

አንድ ወዳጃችን በመሥሪያ ቤታቸው አለቃ ሆነው ተሾሙ። እንግሊዝኛ የሚማረው ልጃቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቦስ» እያለ ይጠራቸው ጀመር። እርሳቸውም ስሙ ደስ ቢያሰኛቸው፣ ትርጕሙ ግን ባይገባቸው፣ ለእራት ጠሩንና «እርስዎ የቄስ ትምህርትም የሚሲዮን ትምህርትም የቀመሱ ሰው ነዎት፤ እንግሊዞች አለቃን የሚጠሩባቸውን ቃላት መርምረው ለእኔ የሚስማማውን ይምረጡልኝ፤ በቢሮዬ በር ላይ አስጽፈዋለሁ» አሉን። እኛም ቃላቱን በወረቀት ጽፈን በቀጠሮው ማታ ሄድን፤ ማዕዱም ከቀረበ በኋላ ማንበብ ጀመርን። የምንጠራው ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ፊተኛው «ቦስ» ነው። ይህ ቃል ከሆላንዶች ቋንቋ «ባስ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዓመት ዛሬ ኒው ዮርክ የተባለውን አገር ይዘው ስለ ነበረ በአሜሪካ ቀረ። በዚያ አገር ባሮች ጌታቸውን «ማስተር» ይሉ ነበረና፣ ነጻው ሠራተኛ ከባሪያ እንዳይቈጠር ብሎ አሠሪውን በዚህ ስም መጥራት ተጸየፈ፤ በእርሱም ፈንታ «ቦስ» አለው። ጄምስ ፌኒሞር ኩፐር የተባለው የአሜሪካ ደራሲ በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነቅፎ፣ ቃሉ ቢለወጥም ትርጕሙ ያው ጌታ እንደ ሆነ አመለከተ። እንግዲህ ልጁ አባቱን ያከበረበት ስም፣ ሠራተኛ አሠሪውን ጌታ ላለማለት የመረጠው ስም ነው። ወዳጃችን ይህን ሰምተው «እንግዲያስ ይቅር፤ ከፍ ያለውን ያንብቡልን» አሉ።

ከፍ ያለው «ሚኒስትር» መሰላቸው። እኛም ቃሉ ከላቲን እንደ መጣ ነገርናቸው። በላቲን «ማጊስ» ማለት ይልቅ፣ «ሚኑስ» ማለት ያነሰ ነው። ከፊተኛው «ማጊስተር» ወጣ፤ እንግሊዞች «ማስተር» ያሉት እርሱን ነው። ከሁለተኛውም «ሚኒስተር» ወጣ፤ ትርጕሙም አገልጋይ ማለት ነው። በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ይህ ስም ሥራ ላይ ዋለ፤ ታላላቆቹም መኳንንት ሳያውቁት አገልጋይ ተብለው ተጠሩ።

ስለ ጦር አለቃ ቢጠይቁንም ነገሩ ያው ሆነ። «ማርሻል» የሚባለው ከፍተኛ የጦር ማዕርግ ጥንት በፍራንኮች ቋንቋ የፈረስ አገልጋይ ማለት ነበረ፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ባልደራስ ይባል እንደ ነበረው ያለ ነው። «ስቲዋርድ» የሚሉትም የአዳራሽ ጠባቂ ማለት ሲሆን፣ በስኮትላንድ ይህን ሹመት ከአባት ወደ ልጅ የያዘው ቤተ ሰብ ስሙን ከሥራው አወጣ። በ1371 ከዚህ ቤት ሮበርት ዳግማዊ ነገሠ፤ ስቱዋርት የተባሉት ነገሥታት የእርሱ ዘር ናቸው።

ወዳጃችን ጥቂት ተከዙና «እንግዲህ ከአገልጋይነት ያልወጣ ስም የላቸውምን? ሎርድስ?» አሉን። እኛም ለመጨረሻ ያቈየነውን አነበብን።

«ሎርድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከሁለት ቃል የተጋጠመ ነበረ። «ህላፍ» ማለት ዳቦ፣ «ወርድ» ማለት ጠባቂ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት «ዳቦ ጠባቂ» ማለት ናቸው። አፍ ሲደጋግመው እያጠረ ሄዶ «ሎርድ» ሆነ። እመቤት የምትጠራበት «ሌዲ» የሚለውም እንደዚሁ «ዳቦ የምታቦካ» ማለት ነበረ። በቤቱ የሚያድረው አገልጋይ ደግሞ «ዳቦ በሊታ» ይባል ነበረ። የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርት በ600 ዓመት ገደማ ባቆመው ሕግ የነጻ ገበሬን ዳቦ በሊታ የገደለ ሰው 6 ሽልንግ እንዲከፍል ታዝዟል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቤት ማለት ዳቦውን የሚጠብቅ፣ ዳቦውን የምታቦካ፣ ዳቦውን የሚበላ ማለት ነበረ፤ ጌታም ጌታ የተባለው ሌሎቹ እንዳይራቡ ስለሚጠብቅ ነው።

ይህም ለእኛ ባዕድ አይደለም። «እመቤት» ማለት የቤት እናት ማለት ነው። «መገበ» የሚለው ግሥ በግዕዝ አስተዳደረ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛችን አበላ ማለት ነው። ያልወለደውን ልጅ የሚያሳድገውንም ሰው «የእንጀራ አባት» እንለዋለን፤ አባትነቱን የሰጠው እንጀራው ነውና።

በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ሣቅ ብለው «እንግዲያስ እኔ አቡክቼ አላውቅምና፣ በዚህ ቤት ሌዲ የምትባለው ጋጋሪያችን ናት» አሉ። ሁላችንም ሣቅን።

ሣቃችን ሳያልቅ ጋጋሪዋ ራሷ ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ እጅ ነሣችና «ጌቶች፣ ልጄ ታሞብኛል፤ የሁለት ወሩን ደመወዜን ቢሰጡኝ» አለች። ወዳጃችንም «እንግዳ መኖሩን አታዪምን? ነገ ነይ» አሏት። እርሷም እንደ ገና እጅ ነሥታ ወጣች። እኛ ግን ከፊታችን በመሶቡ ላይ የነበረውን እንጀራ አየን፤ የጋገረችው እርሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ልጁ ከእጃችን ወረቀቱን ወስዶ ሲመለከት ቈየና፣ ያለ አንዳች ተንኰል «አባባ፣ በእኛ ቤት ዳቦ በሊታው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ የጠቀለሉትን ጉርሻ በእጃቸው እንደ ያዙ ዝም አሉ። ቀጥሎም ወደ እልፍኝ ገቡ፤ የሣጥኑ ቍልፍ ሲከፈት ሰማን። በጓሮ በር ወጥተው ጥቂት ቈይተው ሲመለሱ፣ ስለ በሩ ጽሕፈት አንድ ቃል አላነሡም፤ እኛም አላነሣንም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በዚህ ወዳጃችንን ለመንቀፍ የጻፍን አይምሰላችሁ። እኛ በዳኞች ፊት የሰውን ክስና መልስ ስንጽፍ ብዙ ዘመን የቈየን ሰዎች ነን፤ የደመወዝ ክርክርም ብዙ ጽፈናል። ነገር ግን ያን ማታ በሰው ቤት በልብ ፈርደን ወደ ቤታችን ብንመለስ፣ በሩን የከፈተልን አሽከራችን በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበረ። «እራትህን በላህን?» ብንለው «ጌቶች ሳይገቡ እንዴት እበላለሁ?» አለን። ስንት ማታ እንዲህ እንደ ቈየ ጠይቀነው አናውቅም ነበረ። ከዚያ ወዲህ ብናመሽ የአሽከሩ እራት አስቀድሞ እንዲሰጥ በቤታችን ታዝዟል።

የሹመት ስም ከሥራ ይወለዳል፤ ሥራው ሲቀር ስሙ ብቻውን በበር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጌታ መባልን የሚወድ ሰው የመዝገበ ቃላት ትርጕም ከመፈለጉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር። በቤቱ የሚያድሩት ዛሬ በልተዋልን? ደመወዛቸው በቀኑ ተከፍሏልን? ልጆቹስ እንጀራውን ማን እንደ ጋገረው ያውቃሉን? የሦስቱም መልስ አዎን ከሆነ፣ ስሙን በበር ላይ ባያስጽፈውም በቤቱ ያሉት ሁሉ ያውቁታል።